ለሀያት የላኩት የሀባር አጠባበስ

ዛሬ ቤቴ ዘይት ዘይት ይሸታል። ያረረ ዘይት መጋረጃ ውስጥ ይገባል፣ ሻሽ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ይከርማል። በሩንም መስኮቱንም ከፍቼ ተቀምጫለሁ፤ አይወጣም። ይኼ ሽታ ነው ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ጎትቶ ጂዳ የመለሰኝ፣ አንድ ትልቅ ቤት፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ መወልወያ ይዤ የቆምኩባት ቦታ። የምጽፈው ልጄ ሀያት ትታው በሄደችው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ደብተር ላይ ነው፤ ከኋላ ብዙ ባዶ ወረቀት አለው። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ፊደሌ ቢጣመም ቻሉኝ። እጄን አጣጥፌ ከተቀመጥኩ ልቤ የምትቆም ይመስለኛል። የልጄን ድምፅ ከሰማሁ ዛሬ አስራ አንድ ቀኔ ነው።

ሀያት ያለችው ሳውዲ ነው፣ ደማም፤ ሰው ቤት ተቀጥራ። ከሄደች ሰባት ወሯ ነው። የዛሬ አስራ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ በስልኬ ድምፅ ላከችልኝ። እየተንሾካሾከች ነው። «እማ፣ ሰላም ነሽ? ቶሎ ልንገርሽ። ነገ እንግዳ አለብን። ማዳም ሀባር ገዝታ መጣች፣ ሙሉ ፌስታል ነው። ያ አንቺ የምትነግሪን የባህር እንስሳ፣ እግሩ ከራሱ ላይ የበቀለው። ኩርሽም ኩርሽም እንዲል አድርገሽ ጥበሺው አለችኝ። ወረቀትሽ ላይ ትችላለች ይላል አለችኝ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ እማ፣ ምንም እንዳትዘልዪ። ስልኩን ትቀበለኛለች።»

እጄን እንኳን ከበርበሬው ሳልታጠብ ነው የመለስኩላት። ያልኳትን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ በነዚህ ቀናት ስንቴ መልሼ ሰማሁት! «ስሚ ሀያቴ። ራሱን ይዘሽ ሳብ አድርጊው፣ ሆድ ዕቃው ተከትሎ ይወጣል። የቀለም ከረጢት አለችው፣ እንዳታፈርጪያት፣ ቤቱን ታጠቁረዋለች። ከውስጡ እንደ ፕላስቲክ የሚያበራ አጥንት ታገኛለሽ፣ እሱንም ሳቢው። ቆዳውን ግፈፊና ቀለበት ቀለበት አድርገሽ ቁረጪው፣ በትንሿ ጣትሽ ውፍረት። ወተት ውስጥ ጨው ጣል አድርገሽ ከዙሁር እስከ አስር ሰላት ድረስ ንከሪው። ከወተቱ እያወጣሽ ዱቄት ላይ አንከባሊው፣ ግማሽ የስንዴ ግማሽ የበቆሎ፣ ቁንዶ በርበሬም ጨምሪበት። ዘይቱ ጭሱ ሊወጣ እስኪል ይጋል። ጥቂት ጥቂት ነው የሚገባው። ወርቅ ሲመስል ቶሎ አውጪው፤ ከቆየ ጎማ ነው። ሎሚ ጠብ አድርጊበት። በቃ። ቢስሚላህ በይና ጀምሪ።»

እንዲያ አልኳት፣ እንደ አዋቂ። ከላክሁት ድምፅ ስር ያሉት ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ፤ ይኼ ማለት ሰምታዋለች። ከዚያ ወዲህ ግን የላክሁት ሁሉ አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ስልኩ ጠፍቷል። «ሀያት፣ እንዴት ሆነልሽ?» አንድ ምልክት። «ልጄ፣ ምነው?» አንድ ምልክት። ባሌ ሸምሱ ሁለቴ አዲስ አበባ ወርዶ የላካትን ኤጀንሲ ጠየቀ። አንዲት ልጅ ማስቲካ እያኘከች «ደህና ናት አባባ፣ ችግር ቢኖር ይደውሉልን ነበር» ብላ መለሰችው። ሸምሱ እንደዚያ ተጎድቶ ሲገባ አይቼው አላውቅም። በርበሬ የሚነግድ ሰው ነው፣ ቡኢ ይወርዳል፣ አገና ይሄዳል፣ ተከራክሮ የማይረታው ነጋዴ የለም። ያቺ ማስቲካ ግን ረታችው።

እኔ ጂዳ በሄድኩበት ጊዜ ይቺ የምንኖርባት ቡታጅራ እንዲህ አልነበረችም። አስፋልቱ ሳይመጣ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቡኢ ላይ ቆሞ ሰው የተቀቀለ በቆሎ እስኪገዛ እየጠበቀ፣ አቧራውን አስከትሎ ሲገባ፣ ከመናኸሪያው ማዶ ያለው ካሴት ቤት ድምፁን ይለቀው ነበር። ጉራጌኛ ይዘፈናል፣ አማርኛ ይዘፈናል፣ አንዳንዴ የሱዳን። እኛ ልጃገረዶች ካሴት መግዣ ስለሌለን ግድግዳው ጥግ ቆመን እንሰማለን፤ ሻጩ ሲያየን «እናንተ ልጆች፣ ጆሮ በነፃ ነው ያላችሁ ማነው?» ይለናል። ሻይ በሠላሳ አምስት ሳንቲም ነበር፤ አምባሻ ሲጨመር ብር አይሞላም። ዘይት ማንም በሊትር አይገዛም፣ በቡና ስኒ ነበር የሚቸረቸረው፤ ዘይት ውስጥ ምግብ ይዋኛል ብንባል እንስቅ ነበር። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ወገባችን ላይ የሚያብረቀርቅ የናይለን ጉርድ፣ ራሳችን ላይ ዳሩ ዶቃ የተሰፋበት ሻሽ። እኔ ቢጫ ሻሽ ነበረኝ። ለዑምራ ቪዛ ፎቶ የተነሳሁት በእሷ ነው። ያኔ እንዲያ ነበር፣ ለዑምራ ተብሎ ይኬድና እዚያው ይቀራል። ዑምራዬን ግን አድርጌያለሁ፣ አላህ ያውቃል፤ ካዕባን አይቼ አልቅሼ ነው ወደ ሥራ የገባሁት።

ጂዳ የገባሁበት ቤት ወለሉ እብነ በረድ ነው፣ ሦስት ፎቅ። ወጥ ቤቱን የያዘችው ሲቲ የምትባል ኢንዶኔዢያዊት ነበረች፣ አጭር፣ ሥራ ስትይዝ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ የምትነክስ። እኔ ወለል ነኝ፣ ደረጃ ነኝ፣ ልብስ አጣቢ ነኝ፣ ካውያ ነኝ። እውነቱ ይኸው ነው። ወጥ ቤት ውስጥ እንድቆም እንኳን አይፈቀድልኝም ነበር፤ ማዳም «አንቺ በረኪና የነካው እጅሽን ከምግቤ አርቂልኝ» ትለኛለች። ሐሙስ ሐሙስ ሀባር ይጠበሳል። እኔ የበሩን ደፍ አስሬ እየወለወልኩ፣ ያልቆሸሸውን እየወለወልኩ፣ አያለሁ። ሲቲ ያንን ነገር ከፌስታል ስታወጣው መጀመሪያ ቀን ጮኼያለሁ፤ ዓይኑ ያፈጣል፣ እግሩ ከራሱ ላይ ይንዠረገጋል። ቆዳው ሲገፈፍ ግን ከስር የሚወጣው ነጭ፣ ልክ የእንሰት ግንድ ሲላጥ እንደሚወጣው ያለ ንፁህ ነጭ ነው። ሲቲ አንድ ቀን ዞር ብላ ማዳም እንደሌለች አየችና አንዲት ቀለበት በወረቀት ጠቅልላ ኪሴ ከተተችልኝ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በላኋት። ከላይ እንደ ገብስ ቆሎ ኩርሽም ትልና ከውስጥ እንደ ቡላ ትለሰልሳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ባህር ምን ምን እንደሚል ያወቅኩት ያኔ ነው። አራት ዓመት ኖሬ ከዚያ ቤት በአፌ የገባ ደስ የሚል ነገር ጥሪ ብባል እሷን ነው የምጠራው።

ከዚያ ለአረፋ መጣሁ። የእኛን አገር አረፋ የማያውቅ ሰው ይኼን ታሪክ ላይረዳኝ ይችላል። ከመስቃን የወጣ ሁሉ፣ መርካቶም ይሁን ጅማ፣ ለአረፋ ይመለሳል። በሬ ይጣላል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ ካደረጉ በኋላ ወደ መጪው ዞር ብለው «እሺ፣ ምን ሆነህ መጣህ?» ይላሉ። መልሱ እንደ ስም ነው፣ ካሉት በኋላ አይነሳም። ተሸካሚው «ሱቅ አለኝ» ይላል። ሊስትሮው «ጫማ እነግዳለሁ» ይላል። ውሸት መሆኑን የሚያውቅ አለ፤ ግን በአረፋ ሰው አይቆፈርም፣ ነውር ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ይጠየቃላ። እኔ አንበሳ የተሳለበት ብርድ ልብስ፣ ሁለት ቴርሞስ፣ አንድ ቴፕ፣ ለእናቴ አባያ ይዤ መሀል ቤት ተቀምጫለሁ። ሴቶቹ ከመጋረጃ ወዲያ፣ ሸምሱ ከጎረምሶቹ ጋር በሩ አጠገብ፤ ያኔ ገና ለጋብቻ እየጠየቀኝ ነው። አጎቴ «እሺ ዘይነባ፣ ምን ሆነሽ መጣሽ?» አለኝ። ወለል ወልዋይ ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? «ወጥ ቤቱን ይዤዋለሁ» አልኩ። «ማሻአላህ!» አለ ቤቱ በሙሉ።

በዚያ ቢያቆሙኝ ምን ነበር። የሸምሱ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመጋረጃው አንገታቸውን አውጥተው «ምን ምን ትሠሪያለሽ ታዲያ?» አሉኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ሀባር ነው። እንዴት እንደሚሳብ፣ እንዴት እንደሚገፈፍ፣ እንዴት እንደሚጠበስ ነገርኳቸው፣ በሁለት እጄ እያሳየሁ። 

«እግሩ ከራሱ ላይ?» አሉ እማማ።

«አዎ፣ አስር ናቸው።»

«አስር እግር ኖሮት እንዴት ሳያመልጥሽ ያዝሽው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ዘይነባ ሀባር ነው። ገበያ ስወጣ «ሀባሯ መጣች»፣ ሠርግ ቤት ስገባ «ለሀባሯ ቦታ ልቀቁላት»። ተጋባን፣ ወለድን፣ ስሙ አልለቀቀኝም፤ እኔም እውነት ለመናገር አልጠላሁትም። ልጆቼ ሽሮ ሲሰለቻቸው «እማ፣ ሀባር ጥበሺልን» ይሉኛል፤ ባዶ መጥበሻ አስቀምጬ፣ ባዶ እጄን ዱቄት ላይ አንከባልዬ፣ «ጭስስስ» እያልኩ እጠብስላቸዋለሁ። ሀያት ነበረች ከሁሉ ደስ የሚላት። ጣቷን ቀለበት አድርጋ «ይቺን ቁረጪያት፣ ይቺን ቁረጪያት» ትለኛለች። ልጅ ማስደሰት ምን ክፋት አለው? ብዬ ነበር።

ሀያት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፈችም፤ ከክፍሏም ያለፈ ጥቂት ነው። አንድ ዓመት ቁጭ አለች፣ ከዚያ እሄዳለሁ አለች። አዲስ አበባ ኤጀንሲው ቢሮ አብሬያት ገባሁ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ሴትዮ ወረቀት እየሞላች «ሙያ?» አለቻት። ሀያት ቀና ብላ፣ ኮርታ፣ ወደ እኔ በእጇ እያሳየች፣ «ምግብ። የባህር ምግብም እችላለሁ። እናቴ ጂዳ ትልቅ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች፣ እሷ ናት ያስተማረችኝ» አለች። ሴትዮዋ ደስ አላትና ቀና ብላ አየችኝ፣ «እውነት ነው እናት?» አለችኝ። የእኛ አረፋ እኮ አልነበረም! ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ የሚስቅብኝ የለ። አንዲት ሴት እስክሪብቶ ይዛ እየጠበቀችኝ። «አዎ» አልኩ። ልጄ በእኔ ስትኮራ አይቼ «አዎ» አልኩ። ሴትዮዋ ጻፈችው። ያ ጽሑፍ ነው ደማም ድረስ ቀድሟት ሄዶ ወጥ ቤት ውስጥ የጠበቃት።

ዛሬ ጠዋት ከፍርሃቱ ብዛት ሌላ የምሠራው አጣሁ። የነገርኳት ነገር ልክ ይሁን አይሁን ልየው አልኩ። ቡታጅራ ሀባር ከየት ይመጣል? ከዝዋይ የሚመጣው ዓሣ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ እንደሱ አይታኘክም። በእሱ ፈንታ ጨጓራ ገዛሁ። አጥቤ አጥቤ በቀለበት ቆረጥኩት። ወተት ፍለጋ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ የጎጃም ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ቡታጅራ ኖረው በጉራጌኛ ከእኔ ልጆች ይበልጣሉ።

«ወተቱ ለምንሽ ነው ዘይኔ?» አሉኝ።

«ጨጓራ ልነክርበት።»

«ጨጓራ በወተት! ሀባሩ አልበቃ ብሎ?» ብለው ሊስቁ ጀምረው ፊቴን ሲያዩ ተዉት። «ልጅቷ አልደወለችም?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ወተቱን ሰጡኝና በሩ ድረስ ተከተሉኝ።

ልክ እንደነገርኳት አደረግሁ። አንድ አላጎደልኩም። ከዙሁር እስከ አስር ሰላት በወተት ነከርኩ። ከወተቱ እያወጣሁ ዱቄት ላይ አንከባለልኩ። ድስቱን ከሰል ላይ ጥጄ ዘይቱን አሞቅኩ፣ ጭሱ ሊወጣ እስኪል። ያን ሁሉ ዘይት በአንድ ድስት ገልብጬው ነበር፤ ሌላ ጊዜ የወር ዘይት ነው። ቢስሚላህ ብዬ አንድ እፍኝ ጨመርኩ።

ዘይቱ ዘለለ። እንደ ጥይት ነው የጮኸው። ከድስቱ ወጥቶ ከሰሉ ላይ ሲፈስ እሳቱ በጎን ተነሳ፣ ክንዴን ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ለበለበኝ። ወደ ኋላ ስሸሽ ግድግዳው ነው የያዘኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ የታየኝ የራሴ ክንድ አይደለም። ሀያት አጭር ናት፣ ምድጃ ጋ ስትቆም ፊቷ ድስቱ አጠገብ ነው።

ሸምሱ ከቡኢ ተመልሶ በዚያው ቅጽበት ገባ። ከሰሉን በአመድ አዳፈነና ወደ እኔ መጣ።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ? ቤቱን ልታነጂው ነው?»

«እንደነገርኳት ነው ያደረግሁት» አልኩት። «ምንም አልቀየርኩም። እንደነገርኳት ነው።»

ገባው። ቀስ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ክንዴን ይዞ ውሃ አፈሰሰበት።

«ሸምሱ፣ እኔ ጂዳ ወጥ ሠርቼ አላውቅም። ወለል ነበር የምወለውለው።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን ታውቃለህ?»

«ወላሂ፣ በተጋባን በሳምንቱ ነው ያወቅኩት። ጎመንሽን ቀመስኩት።» ውሃውን አላቆመም። «ደግሞ ቤት ስታጸጂ አየሁሽ። እንደዚያ የሚወለውል ሰው ሌላ ሙያ ሊኖረው አይችልም።»

«ታዲያ ሃያ ዓመት ምን ብለህ ዝም አልከኝ?»

«አንቺስ መርካቶ ሱቅ ነበረኝ ስልሽ ምን ብለሽ ዝም አልሽኝ? ጀርባዬን አላየሽውም?»

አይቼው ነበር። የጆንያ ጠባሳ ያለበትን ጀርባ ከመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት። ከሁለታችንም ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣ፣ ከዚያ እሱ ፊቱን አዞረና «ልጅቷ ግን አታውቅም» አለ። ልጅቷ ግን አታውቅም። እኛ ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንዳንተፋፈር የሸፋፈንነውን፣ እሷ እውነት ብላ ይዛው ባህር ተሻገረች።

ተነስቼ የፈሰሰውን ዘይት መጥረግ ያዝኩ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ። የማድ ቤቱን ጨርቅ ወተቱ የተደፋበት ላይ ጣል አድርጌ፣ ሳፋው ውስጥ ጨመቅኩት። ነጭ ውሃ ወጣ። እንደገና ጨመቅኩት። ያን ጊዜ እጄ ነው ከእኔ ቀድሞ ያስታወሰው። ሐሙስ ሐሙስ ሲቲ ጨርቅ ትልክልኝ ነበር! ስድስት፣ ሰባት የወጥ ቤት ጨርቅ፣ ርጥብ፣ ወተት ወተት የሚል፣ ባህር ባህር የሚል። ማዳም ሽታውን ስለምትጠላ ከልጆቹ ልብስ ጋር እንዳይገባ፣ ለብቻው በእጄ ነበር የማጥበው። አራት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ስጨምቅ ይኼ ሁሉ ጨርቅ ለምን እንደሚረጥብ ጠይቄ አላውቅም። ለካ ሲቲ ከወተቱ ያወጣችውን እያንዳንዷን ቀለበት ጨርቅ ላይ ዘርግታ፣ በሌላ ጨርቅ እየተጫነች፣ ደረቅ አድርጋ ነበር ዱቄት የምታስነካው። እግሮቹንማ ይልቁን፣ በመሀላቸው ውሃ ይይዛሉ። እኔ በሩ ላይ ወተቱን አየሁ፣ ዱቄቱን አየሁ። በመሀል ደረጃውን እንድወለውል ተጠርቼ ነበር። ያላየሁትን ነገር ግን እጄ አጥቦታል። ያፈርኩበት ሥራዬ ነበር የሚያውቀው፤ ስኮራበት የኖርኩት አፌ ምንም አያውቅም ነበር።

ስልኩን አነሳሁ። ሸምሱ አጠገቤ ቆሟል። እንዲህ አልኳት፦

«ሀያት፣ ስሚኝ። ከወተቱ ስታወጪው በጨርቅ አድርቂው። ሳይደርቅ ዘይት ውስጥ እንዳትከቺው፣ ይፈነዳል። ይኼን አልነገርኩሽም። ያልነገርኩሽ ስለማላውቅ ነው። እኔ ወጥ ሠሪ አልነበርኩም ልጄ። ወለል ወልዋይ፣ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ሀባር ጠብሼ አላውቅም፣ በር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ኤጀንሲውም ጋ ዋሽቻለሁ። ለማዳም ንገሪያት፣ ‹እናቴ ናት የዋሸችው› በያት። ወጥ ቤት እንዳትገቢ። ወለል ስጡኝ በያቸው። ወለል አያቃጥልም። አውፍ በዪኝ።»

አንድ ምልክት።

ይኼን ሁሉ የጻፍኩት ከዚያ ወዲህ ነው፣ ስልኩን ደብተሩ አጠገብ አስቀምጬ፣ አንድ መስመር ስጽፍ አንዴ እያየሁት። እትዬ አስካለ ለክንዴ ቅባት ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሸምሱ ደፉ ላይ ነው፣ ሙስበሃውን ይቆጥራል። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እሳት ስላዳፈንን ቤቱ ውስጥ ሽታው ብቻ ነው ያለው። ቡታጅራ ውስጥ ስንት እናት አሁን እንደ እኔ ስልክ እያየች ተቀምጣለች እላለሁ። ልጅሽ ምን ሆነች ስትባል «ደህና ናት፣ ትልቅ ቤት ነው የገባችው» የምትል። እኔም እስከ ትላንት እንዲያ ነበር የምለው። ገበያ ላይ አንዷ «ሀባሯ፣ ልጅሽ እንዴት ናት?» ስትለኝ «ወጥ ቤቱን ይዛዋለች» አልኳት። ምላሴ ከለመደው አይመለስም።

ስልኩ ጮኸ። አላህዬ። ሁለት ምልክት ሆነ። ሰማያዊ ሆነ። ሁለቱም ሰዎች ተነስተው ከኋላዬ ቆሙ። ስሟ ስር ያቺ የድምፅ መቅጃ ምልክት ብልጭ አለች፣ ጠፋች፣ ብልጭ አለች። እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ቀሪውን የጻፍኩት ቆይቼ ነው።

ዘጠኝ ሰከንድ ነበር የላከችው። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ከሩቅ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ከዚያ የልጄ ድምፅ፣ የተቆጣ፣ የእሷ የራሷ ቁጣ፦

«እማ። ጨርቁን አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

 አፍንጫዋን ሳበች። «የተቃጠለው እጄ ነው። ፊቴ ደህና ነው፣ አትጩሂ።»

ሸምሱ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። እሱ ድምፅ መላክ አይወድም፣ ማንም ሳይሰማው ብቻውን የሚያወራ ስለሚመስለው። ወደ አፉ አስጠግቶ፣ እንደ ገበያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሀያት፣ አባትሽ ነኝ። ነገ ጠዋት ኤጀንሲው በር ላይ ነኝ። ልጄን አምጡ እላለሁ፣ እስክትመጪ አልነሳም። ሰማሽ?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋልኝ። «በያት እንጂ» አለኝ።

ምን ልበላት? ሃያ ዓመት ሙሉ ስነግራት ኖሬያለሁ። የድምፅ መቅጃውን ተጭኜ ያዝኩት። ሰከንዱ እየቆጠረ ሄደ፣ እትዬ አስካለ ትከሻዬን ያዙኝ።

«እጅሽን አሳዪኝ» አልኳት።